ስለ ፊትና ስለ ዘመን

ሰው አዘውትሮ የሚያየው የራሱን ፊት ነው ቢባል እውነት ይመስላል። ጧት ሲታጠብ ያየዋል፤ ጠጉሩን ሲያበጥር ያየዋል፤ በመንገድ ሲሄድ በሱቅ መስተዋት ውስጥ ሰረቅ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና ብንመረምረው፥ የፊታችንን መለወጥ ከእኛ ከባለቤቶቹ ይልቅ ዘግይቶ የሚያይ ሰው አናገኝም። ዐሥር ዓመት ተለይቶን የኖረ ዘመድ ከሩቅ አገር ሲመለስ ገና ከደጃፍ ቆሞ «ምነው እንዲህ ሸበትክ!» ይለናል። እኛ ግን ትናንት ያየነው ፊት ዛሬ ካየነው አልተለየብንም፤ ዛሬ ያየነውም ነገ ከምናየው አይለይብንም፤ ስለዚህ የዘመዳችን ቃል ያስደነግጠናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሽማግሌዎች የሚያመጡት ለትዕግሥት ምክር ነው። ሆኖም በዚያው ተረት ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ተሰውሮ ይገኛል፤ ይኸውም እንቁላሉ እግር ያወጣበትን ቀን አየሁ የሚል ሰው አለመኖሩ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ቀን ለማየት ስለ ተነሡ ጥቂት ሰዎች ይናገራል። እነዚህ ሰዎች የገዛ ፊታቸውን በፎቶግራፍ፥ በተወሰነ ጊዜና በአንድ ዓይነት ሁኔታ፥ ለብዙ ዘመን እየመዘገቡ አስቀምጠዋል። ሥራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «ይህ መልኩን የሚወድ ሰው ሥራ ነው» ብሎ ሊንቀው ይችላል። እኔም አስቀድሞ እንደዚሁ መስሎኝ ነበረ። ታሪካቸውን ካነበብሁ በኋላ ግን አሳቤን ለውጫለሁ፤ ወጣቱ አንባቢም የራሱን ፍርድ እንዲሰጥ ታሪኩን እንደሚከተለው አቀርብለታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካሜራ ከመፈጠሩ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ ሬምብራንት የተባለው የሆላንድ ሠዓሊ ከወጣትነቱ ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1669 ዓመት ድረስ የራሱን መልክ በቀለም፥ በኅትመትና በንድፍ ሰማንያ ጊዜ ያህል ሠርቷል። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ዛሬ በሎንዶን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ይገኛሉ። አንደኛውን በ1640 የሠራው የ34 ዓመት ሰው ሳለ ነው፤ ያማረ ልብስ ለብሶ ክንዱን አስደግፎ ሀብቱንና ዝናውን የሚያውቅ ሰው ሁኖ ይታያል። ሁለተኛውን የሠራው በሞተበት ዓመት፥ በ63 ዓመቱ ነው። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ሚስቱ በ1642 ሞተችበት፤ በ1656 በዕዳ ምክንያት ንብረቱን አጣ፤ በ1668 ደግሞ ልጁ ሞተበት። በሁለተኛው ሥዕል ላይ ፊቱ አብጧል፤ የዓይኖቹ ሥር ረግቧል፤ እጆቹንም አጣጥፎ ተቀምጧል። ሠዓሊ ብሩሹ በገዛ እጁ ስለ ሆነ ከፊቱ ላይ ጥቂት ሽብሽብ ቢቀንስ የሚከለክለው አልነበረም፤ እርሱ ግን አልቀነሰም።

ይሁን እንጂ ሬምብራንት ራሱን የሚሥለው በፈቀደው ጊዜ ነበረ። አንድ ጊዜ እንደ ወታደር፥ አንድ ጊዜ እንደ ምሥራቅ አገር መኰንን እየለበሰ ሠርቷል። በየስንት ጊዜው እንደሚሥል የሚወስን ሕግ አልነበረውም።

በ1839 የዳጌር የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለዓለም ተገለጠ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ሮበርት ኮርኔሊየስ የተባለ የ30 ዓመት ሰው፥ ቤተሰቡ መብራትና ፋኖስ ከሚሠራበት ሱቅ በስተኋላ ባለው ግቢ ውስጥ ካሜራ አቆመ። የካሜራውን መስተዋት ከከፈተ በኋላ ፈጠን ብሎ ከፊቱ ሄደና ሳይንቀሳቀስ ለደቂቃዎች ቆየ፤ ከዚያም ተመልሶ ዘጋው። ሥዕሉ ዛሬ በዋሽንግቶን በአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ጠጉሩ ተንጨባሯል፤ ክንዶቹን በደረቱ ላይ አጣምሯል፤ ከሥዕሉ መካከልም ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ ብሏል፤ ምክንያቱም የሚያስተካክለው ሌላ ሰው ከካሜራው በስተጀርባ አልነበረም። ኮርኔሊየስ ለጥቂት ዓመት ፎቶግራፍ ቤት ከፍቶ ከሠራ በኋላ ወደ መብራት ሥራው ተመለሰ፤ የሞተውም በ1893 ነው። እንግዲህ ከዚያች ሥዕል በኋላ ሌላ 54 ዓመት ኖሯል። በሥዕሉ ላይ ግን ዘላለም የ30 ዓመት ጎልማሳ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ለብቻው የሰውን ዘመን ሊነግረን እንደማይችል ከዚህ ይታወቃል።

ካሜራ በዓለም ሁሉ ከተስፋፋ በኋላም ነገሩ ብዙ አልተሻሻለም። ሰው ወደ ፎቶግራፍ ቤት የሚሄደው ሲያገባ፥ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ፥ ከትምህርት ቤት ሲመረቅ፥ አዲስ ልብስ ሲገዛ ነው። በቤታችን የምናስቀምጠው አልበም ሲገለጥ ሕይወታችን በሙሉ ድግስ የነበረ ይመስላል። ምንም ነገር ባልተደረገበት ማክሰኞ ቀን ፎቶግራፍ ልነሣ ብሎ የሚወጣ የለም፤ ነገር ግን የሰው ዕድሜ በአብዛኛው የሚያልቀው በእንደዚህ ያለው ማክሰኞ ነው። የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ሕግ ነበረ፤ ይኸውም ቀኑን የማይመርጥ፥ ደስታና ኀዘንን የማይለይ ሕግ ነው።

እንዲህ ያለው ሕግ በአንድ ስፍራ ሳይታሰብ በጨዋታ መጣ። በሆላንድ አገር ቲልቡርግ በምትባል ከተማ በየዓመቱ የጨዋታ ገበያ ይቆማል። በ1936 አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ኢላማ ወደሚተኰስበት ድንኳን ገባች። በዚያ ጨዋታ ኢላማውን የመታ ሰው ሽልማቱ የገዛ ፎቶግራፉ ነው፤ ጥይቱ ሲመታ ካሜራው በዚያችው ቅጽበት ይከፈትና ተኳሹን ጠመንጃውን እንዳነጣጠረ ያነሣዋል። ልጅቱ መታች፤ ፎቶግራፏንም ይዛ ሄደች። በሚከተለው ዓመት ተመልሳ መጣች፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ፎቶግራፎቹ ተሰብስበው በ2008 በመጽሐፍ ሲታተሙ ሴትዮዋ 88 ዓመት ሆኗት አሁንም ትተኩስ ነበረ። አለባበሷ፥ ጠጉሯ፥ ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ይለዋወጣሉ፤ ጠመንጃውና አንድ ዓይኗን የጨፈነችበት ሁኔታ ግን ያው ነው።

ከ1939 እስከ 1945 ድረስ ግን ፎቶግራፍ የለም። በዚያ ዘመን ጦርነት ነበረ። መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ከ18 ዓመት ልጅ ላይ ተነሥቶ በአንድ ገጽ ዘሎ ሃያ አምስት ዓመት ካለፋት ሴት ላይ ይደርሳል። ስለዚያ ጦርነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ዝላይ ያህል ያሳሰበኝ ግን ጥቂት ነው።

ሴትዮዋ ሕጉን ያገኘችው በአጋጣሚ ነበረ። ሮማን ኦፓልካ ግን ሕጉን ራሱ አወጣ፤ አውጥቶም እስከ ሞቱ ድረስ ታዘዘለት። ኦፓልካ ከፖላንዳውያን ወላጆች በ1931 በፈረንሳይ አገር ተወለደ። በ1965 በዋርሶ ከተማ ሠዓሊ ሁኖ ሲኖር፥ አንድ ቀን ሚስቱን በቡና ቤት ቀጥሮ እርሷ ስለ ዘገየች ብቻውን ተቀምጦ ሲጠብቅ፥ የሚያልፈውን ጊዜ በሥዕል ለማሳየት የሚቻልበት መንገድ ታሰበው ይባላል። ወደ ሥራ ቤቱ ገብቶ ቁመቱ 196 ወርዱ 135 ሳንቲሜትር የሆነ ሸራ ጥቁር ቀለም ቀባ፤ በላይኛው የግራ ጠርዝ ላይም በቀጭን ብሩሽ በነጭ ቀለም 1 ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ 2፥ ቀጥሎ 3። ሸራው ሲሞላ በሌላ ሸራ ላይ ካቆመበት ቀጠለ። ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እንኳ ቍጥሩ እንዳይቋረጥ በወረቀት ላይ በቀለም ይጽፍ ነበረ። በኋላም ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ይህንን ብቻ ሠራ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው፥ የሚጽፈውን ቍጥር በእናት አባቱ ቋንቋ በፖላንድኛ እየጠራ ድምፁን መቅዳት ነው። ሁለተኛው፥ የቀኑን ሥራ ሲጨርስ በሸራው ፊት ቆሞ ራሱን ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፤ ሁልጊዜ ብርሃኑ አንድ ነው፤ አይስቅም፥ አይቈጣም፤ ፊት ለፊት ያያል። በ1972 አንድ ሚሊዮን ላይ ሲደርስ ደግሞ አዲስ ሕግ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን አዲስ ሸራ ሲቀባ መደቡ ካለፈው ሸራ በመቶ አንድ ያህል እንዲነጣ አደረገ። ቍጥሮቹ ነጭ ስለ ሆኑ መደቡ እየነጣ ሲሄድ አንድ ቀን ነጭ በነጭ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። ይህም ሆነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሸራውና ጽሕፈቱ ስላልተለዩ የጻፈውን የሚያውቀው ቀለሙ እርጥብ ሳለ በማንጸባረቁና በድምፁ ነበረ። በፎቶግራፎቹም ላይ ጠጉሩ ከሸራው ጋር አብሮ ነጣ። ሸራው በሕግ ነጣ፤ ጠጉሩ ግን ማንም ሳያዝዘው።

ኦፓልካ ስለ ቍጥሮቹ አንድ ነገር ይናገር ነበረ፤ ወጣቱ አንባቢ በወረቀት ላይ ቢሞክረው ይደነቅበታል። ከ1 ተነሥቶ 22 ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ከ22 ወደ 333፥ ከ333 ወደ 4444 የሚያደርሰው ጊዜ የሰው ትዕግሥት የሚችለው ነው። ከ55555 ወደ 666666 ለመድረስ ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ከዚያ ወደ 7777777 ለመድረስ ደግሞ የአንድ ሰው የቀረው ዕድሜ በሙሉ አይበቃ ይሆናል። እርሱም 7777777 ላይ ለመድረስ ተስፋ ያደርግ ነበረ። በኦገስት 2011 በ79 ዓመቱ በኢጣልያ አገር ሞተ። 46 ዓመት ሲጽፍ ኖሮ የመጨረሻው ቍጥር 5607249 ነው። ወዳሰበው ለመድረስ 2170528 ቍጥር ቀርቶት ነበረ። ይህን ያህል ጎደለበት ብሎ የሚያዝንለት ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ሳሰላው፥ ቢደርስስ ኖሮ ቀጥሎ የሚጽፈው 7777778 መሆኑን አስታወስሁ።

ኦፓልካ በቀን አንድ ጊዜ ፊቱን ሲያስመዘግብ፥ በኒውዮርክ ከተማ ይህንኑ በየሰዓቱ ያደረገ ሰው ተነሣ። ቴህቺንግ ሽዬ በ1950 በታይዋን ደሴት ተወለደ፤ በ1974 የመርከብ ሠራተኛ ሁኖ ወደ አሜሪካ ሄደና ከፊላደልፊያ አጠገብ ከመርከቡ ወርዶ ጠፋ። የመኖሪያ ፈቃድ እስካገኘበት እስከ 1988 ድረስ በተደበቀ ኑሮ፥ በምግብ ቤት ሳህን እያጠበና እያጸዳ ጭምር ኖረ። በፋብሪካ በር ላይ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ካርዱን የሚያስመታበት ሰዓት እንዳለ የታወቀ ነው። ሽዬ እንደዚህ ያለውን ሰዓት በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ አቆመ፤ ጠጉሩን ተላጨ፤ የሠራተኛ ልብስ ለበሰ፤ ከኤፕሪል 11 ቀን 1980 ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 11 ቀን 1981 ድረስ ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ ካርዱን ለማስመታት በጽሑፍ ቃል ገባ። ካርዱን ባስመታ ቍጥር ከሰዓቱ አጠገብ ቆሞ በፊልም ላይ አንድ ፎቶግራፍ ይነሣል።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንባቢው ግን ለአንዲት ሌሊት ብቻ እንኳ ይሞክረው። ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቶ ማደር አይቻልም፤ ከቤት ወጥቶ ከግማሽ ሰዓት መንገድ በላይ መራቅ አይቻልም፤ ወዳጅ ቢታመም ሩቅ ሄዶ መጠየቅ፥ ደብዳቤ ጽፎ ሳይነሡ መጨረስ አይቻልም። በዚያ ላይ ሥራው ምንም የሚያፈራው ነገር የለም። ሠራተኛው ሰዓቱን የሚያስመታው ሥራ ሊሠራ ነው፤ ሽዬ ግን ሥራው ማስመታቱ ብቻ ነበረ። አንዳንድ ሰው «ይህ እብደት ነው» ይላል፤ እንዲህ የሚለውን ሰው አልነቅፈውም። ሆኖም በሕግ ፊት በዚያች ከተማ እንደሌለ የሚቆጠር ሰው፥ «በዚህ ሰዓት እዚህ ነበርሁ» የሚል ማስረጃ በየሰዓቱ መተዉ ለእኔ እብደት ብቻ መስሎ አይታየኝም።

ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ያሳያል፤ ቀንም 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ የሽዬ ፊልም ሲታይ እያንዳንዷ ቀን አንዲት ሰከንድ ትሆናለች፤ ዓመቱም በስድስት ደቂቃ ያልቃል። ጠጉሩ ከተላጨው ራሱ ላይ ተነሥቶ ዓይናችን እያየው እስከ ትከሻው ይወርዳል፤ የሰዓቱ እጆች ይሽከረከራሉ፤ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ ግን አይለወጥም። ከጠጉሩ በቀር ጊዜ ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ የለም።

በዓመት 8,760 ሰዓት አለ። ሽዬ ከነዚህ ውስጥ 133 ጊዜ ሳያስመታ ቀረ። ዓመቱ ሲፈጸም ይህን አልደበቀም፤ ምክንያቱን በየወገኑ ከፍሎ አወጣው፤ 94 ጊዜ እንቅልፍ ጥሎት፥ 29 ጊዜ ዘግይቶ፥ 10 ጊዜ ደግሞ ከሰዓቱ ቀድሞ አስመትቶ። ካርዶቹም እንዳይለወጡ ምስክር ፈርሞባቸው ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን «ዓመቱን በሙሉ ፈጸምሁ» ብሎ ባወራ ነበር፤ 133 ሰዓት ከ8,760 ውስጥ ምን ያህል ነው? እኔ የዚህን ሰው ታሪክ ለሌላ ሰው ስነግር ሁልጊዜ ከፎቶግራፎቹ አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ዝርዝር ነው።

ሦስተኛው ሰው ካርል ባደን ነው። ባደን በአሜሪካ በቦስተን ኮሌጅ ፎቶግራፍ ያስተማረ ሰው ነው፤ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1987 ራሱን በየቀኑ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። ያንኑ ካሜራ፥ ያንኑ መብራት፥ ያንኑ ነጭ መጋረጃ ይጠቀማል፤ ፊቱን ፊት ለፊት አድርጎ ምንም ስሜት ሳያሳይ ይቆማል፤ ጢም አያሳድግም፤ የጠጉሩንም አቆራረጥ አይለዋውጥም፤ ምክንያቱም ለውጥ ከመጣ ከዘመን ብቻ እንዲመጣ ይፈልጋል። ኖዋ ካሊና የተባለ ወጣት ደግሞ በ2000 በ19 ዓመቱ ይህን የመሰለ ሥራ ጀምሮ፥ የስድስቱን ዓመት ፎቶግራፍ አያይዞ በ2006 በኢንተርኔት ባወጣው ጊዜ ሚሊዮኖች አዩት፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ወጣቶች ተከተሉት። ባደን ግን ሲጀምር የሚያየው አልነበረም። ለማን ያሳያል? የመጀመሪያዎቹ ሺህ ፎቶግራፎች እርስ በርሳቸው አንድ ናቸው።

ባደን በዚህ ሥራ ውስጥ አራት አሳብ እንዳለ ተናግሯል። እነርሱም ሟች መሆናችን፥ በጥቂት በጥቂቱ መለወጣችን፥ የያዙትን ነገር አለመልቀቅ፥ ደግሞም ፍጹም ለመሆን በመጣርና ሰው በመሆን መካከል ያለው ልዩነት ናቸው። በካንሰር ታምሞ ብርቱ መድኃኒት በወሰደበት ጊዜ ፎቶግራፉን አላቋረጠም። በዚያ ወራት ፊቱ ከስቶ ሌላ ሰው መስሎ ይታያል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ሥጋ ለብሶ ወደ ራሱ ይመለሳል። ተከታታይ የሆኑትን ሁለት ቀኖች ብቻ የሚመለከት ሰው መታመሙንም መዳኑንም አያውቅም።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ጣልቃ ባስገባ አንባቢው ይታገሠኝ። በአገራችን አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም የሄደ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ጉርድ ፎቶግራፍ አምጣ መባሉ የተለመደ ነው። የተረፈው በመሳቢያ ይጣላል። ባለፈው ዓመት መሳቢያዬን ሳጸዳ ስምንት ጉርድ ፎቶግራፍ አገኘሁ። የመጀመሪያው የስምንተኛ ክፍል ፈተና የተፈተንሁበት ነው፤ የመጨረሻው የመንጃ ፈቃድ ያሳደስሁበት። በጠረጴዛ ላይ በተራ ደረደርኋቸው። ሳላስበው እኔም ከነባደን ወገን ሁኜ ኖሬአለሁ፤ ጀርባው ሁሉ አንድ ወጥ ነው፤ ፊቴ ሁሉ «አትሳቅ» የተባለ ሰው ፊት ነው። የእነዚህ ፎቶግራፎች ደግነት ማናችንም ለውበት ብለን አለመነሣታችን ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ካሜራ አለ፤ ዐሥር ጊዜ ይነሣና አንዱን መርጦ ዘጠኙን ያጠፋል። አልነቅፈውም፤ ኮርኔሊየስም ዐሥር ጊዜ መነሣት ቢችል ኖሮ ጠጉሩን አበጥሮ በተነሣ ነበር። ነገር ግን የጠፉት ዘጠኙ ከቀረው ከአንዱ ይልቅ እርሱን ይመስሉ እንደ ሆነ እጠረጥራለሁ።

ከስምንቱ መካከል ግን አንዱ ዓመት ጎድሎ አገኘሁት። በወጣትነቴ ለብዙ ወር በብርቱ ታምሜ ነበረ። ከአልጋ እንደ ተነሣሁ ለመሥሪያ ቤት ጉርድ ፎቶግራፍ ተጠየቅሁና ሦስት ተነሣሁ። አንዱን ሰጠሁ፤ የቀሩትን ሁለቱን ስመለከት ጕንጬ ገብቶ፥ አንገቴ ቀጥኖ፥ ኮሌታው ሰፍቶብኝ ስላየሁት አፈርሁና ቀዳድጄ ጣልኋቸው። እናቴ ቁርጥራጩን ከመሬት እያነሣች «ምን ሆነና ነው የቀደድከው? ልጄ አይደለም ወይ?» ብላ ነበረ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። በዚያ ሕመም ሌሊቱን ሁሉ ከራስጌዬ ተቀምጣ ያስታመመችኝ እርሷ ናት፤ ያንን ፊት ከማንም ይልቅ ያየችው እርሷ ናት። አሁን በሕይወት የለችም። ያ ዓመት በጠረጴዛዬ ላይ ባዶ ነው፤ ፊቴ ምን ይመስል እንደ ነበረ የምጠይቀው ሰውም የለኝም። የሆላንዷ ሴት ባዶ ቦታ ከጦርነት የመጣ ነው፤ ሽዬን ያጎደለበት እንቅልፍ ነው፤ የእኔን ግን ራሴ በእጄ ሠራሁት።

ስለ ባደን የቀረውን ልንገርና ልፈጽም። ባደን ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 1,695 ቀን አንድም ሳያጓድል ተነሣ፤ አራት ዓመት ተኩል አልፎት ነበረ። በኦክቶበር 15 ቀን 1991 ግን ረሳው። አልታመመም፤ እንዲሁ ረሳው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲያስታውስ ምን እንደ ተሰማው ማንኛችንም ልንገምት እንችላለን። በኦክቶበር 16 ሁለት ጊዜ ተነሥቶ አንዱን የትናንት ነው ቢል የሚያውቅበት አልነበረም፤ ካሜራው አንድ፥ መብራቱ አንድ፥ መጋረጃው አንድ፥ ፊቱም የአንድ ቀን ልዩነት የማይታይበት ነው። እንደዚህ ያለውን ማታለል ከዓለም ሁሉ ይልቅ ለመሥራት የሚመች ሥራ ቢኖር የእርሱ ነበረ። ባደን ግን ስለ ሥራው ለጠየቀው ሰው ሁሉ ያቺን ቀን አስታውሶ ይነግራል፤ እኛም ያወቅናት ከራሱ አፍ ነው። በኦክቶበር 16 እንደ ልማዱ መብራቱን አብርቶ ከነጩ መጋረጃ ፊት ቆመና አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ተነሣ።